አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ጃፓን ውስጥ ስለ ኑሮ መክበድ፣ ስለ ጊዜያዊ ቅጥር፣ ትዳር መያዝ ስላቃተው ትውልድ ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ብዙ ሳይሄድ አንድ ስም ላይ ያርፋል፤ ሄይዞ ታኬናካ። የኬይኦ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከ2001 እስከ 2006 በጠቅላይ ሚኒስትር ጁንኢቺሮ ኮይዙሚ ካቢኔ ውስጥ በኢኮኖሚ ፖሊሲ ሚኒስትርነት ጀምረው የፋይናንሱን፣ ቀጥሎም ፖስታ ቤትን ወደ ግል የማዛወሩን ሥራ ደርበው ያዙ፤ በመጨረሻም የአገር ውስጥ ጉዳይና የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሆኑ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሱ አጭርና ለአፍ የሚመች ነው፦ እኚህ ሰው ገበያ አምላኪነትን ከአሜሪካ ቀድተው አመጡ፣ የዕድሜ ልክ ቅጥርን አፈረሱ፣ ሀብታሙንና ድሃውን አራራቁ፣ ባፈረሱትም ላይ ራሳቸው ነገዱበት። ግራውም ቀኙም ይህንኑ ይላል። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ታኬናካን ለመውቀስ ድፍረት አያስፈልግም፤ ድፍረት የሚጠይቀው ወቀሳውን መመርመር ነው።

የክሱ የመጨረሻ ሐረግ እውነት አለው፤ እመለስበታለሁ። የቀረው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው። በጃፓን ወጣት ላይ በር የዘጉት ሌሎች ናቸው፤ የዘጉትም ፕሮፌሰሩ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት ነው። ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ የሚጭነው ትረካ እነዚያን ነፃ ያወጣል። የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ የታኬናካ ጠበቃ ልሁን ብዬ አይደለም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ዘመን ጀምሮ ጃፓንን የምናውቃት በመነሳቷ ነው፤ በቅርቡም ካይዘን የተባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ከእሷ ተውሰን ተቋም አቋቁመንለታል። የተነሳችበትን መንገድ ስንመረምር ግን የተሰናከለችበትን ዘመን፣ ማለትም መንግሥት፣ ባንክና ትልልቅ ኩባንያ እጅ ለእጅ ተያይዘው አገር እንዳሳደጉ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ኪሳራ የደበቁበትን ዘመን፣ ብዙም አልተመለከትነውም። የታኬናካ ታሪክ የሚገባን ከዚያ ከተነሳን ብቻ ነው።

በ1989 የመጨረሻ የገበያ ቀን የቶኪዮው የኒኬይ የአክሲዮን መለኪያ 38,915 ላይ ነበር። ከዚያ ወረደ፤ መሬትም ተከተለው። አንድ ሕንፃ ተቋራጭ በዚያ በደጉ ጊዜ መሬት አስይዞ 100 ሚሊዮን የን ተበደረ እንበል። መያዣው መሬት 40 ሚሊዮን ሲያወጣ ባንኩ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ብድሩ ተበላሽቷል ብሎ መመዝገብና የ60 ሚሊዮኑን ኪሳራ መዋጥ ነው፤ ይህን ካደረገ ብድሩን የፈቀደው ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን ምናልባት የባንኩ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው፣ ተጠያቂ ይሆናል። ሁለተኛው ተቋራጩ ወለዱን የሚከፍልበት ሌላ ብድር መስጠት ነው። በሁለተኛው መንገድ ብድሩ መዝገብ ላይ ጤነኛ ነው፤ ወለዱ በሰዓቱ ይከፈላላ! የጃፓን ባንኮች ዐሥር ዓመት ሙሉ የሄዱት በሁለተኛው መንገድ ነው። የቁጥጥር ባለሥልጣኑም ዓይኑን ጨፈነ፤ መዝገቡ ቢገለጥ የሚጠየቀው ባንኩ ብቻ አልነበረማ። በዚህ መሀል የሞተውን ተቋራጭ በብድር ማቆየቱ ጤነኛውን ተወዳዳሪ ገበያ ነሳው፤ አዲስ ድርጅት ሊከፍት የመጣው ወጣት ደግሞ ከባንክ ባዶ እጁን ተመለሰ።

በኅዳር 1997 ሆካይዶ ታኩሾኩ ባንክና ያማኢቺ የተባለው የአክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ወደቁ። በ1998 ሁለት ትልልቅ የረጅም ጊዜ ብድር ባንኮች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። መንግሥት በ1998 ወደ 1.8 ትሪሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ወደ 7.5 ትሪሊዮን የን በባንኮች ላይ አፈሰሰ። መዝገቡ ግን በትክክል አልተገለጠም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ገንዘቡ ገባ፣ ሕመሙ ቀጠለ።

ታኬናካ በሚያዝያ 2001 ካቢኔ ሲገቡ ባንክ የእሳቸው ሥልጣን አልነበረም። የፋይናንስ ሚኒስትሩ ሃኩኦ ያናጊሳዋ ለባንኮች ተጨማሪ የሕዝብ ገንዘብ አያስፈልግም በሚለው አቋማቸው ጸንተው ነበር። በመስከረም 30 ቀን 2002 ኮይዙሚ ያናጊሳዋን አንስተው ሥልጣኑን ለፕሮፌሰሩ ደረቡላቸው። በአንድ ወር ውስጥ ዕቅዱ ወጣ፦ የትልልቆቹ ባንኮች የተበላሸ ብድር ከጠቅላላ ብድራቸው ያለው ድርሻ፣ በመጋቢት 2002 8.4 በመቶ የነበረው፣ እስከ መጋቢት 2005 በግማሽ ይቀንስ። የብድሩ ዋጋ የሚተመነው ተበዳሪው ወደፊት በእውነት ሊከፍል በሚችለው ገንዘብ ይሁን። የባንኩ ካፒታል ተብሎ የተመዘገበውም በእርግጥ ካፒታል መሆኑ ይጣራ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እሳት ለኮሰ። ባንኮቹ ለመጥፎ ብድር መጠባበቂያ ሲይዙ ታክስ አስቀድመው ይከፍሉ ነበር፤ ወደፊት ስናተርፍ ይታሰብልናል ብለውም ያንን ገና ያልመጣ ገንዘብ ከወዲሁ ካፒታል ውስጥ ይደምሩት ነበር። የማያተርፍ ባንክ ወደፊት አገኛለሁ ከሚለው ትርፍ ላይ የሚታሰብለትን ታክስ እንደ ሀብት ቆጥሮ ጠንካራ ነኝ ይል ነበር ማለት ነው። የትልልቆቹ ባንኮች ኃላፊዎች አንድ ላይ ሆነው ተቃወሙ። የገዢው ፓርቲ አንጋፋዎች ሚኒስትሩ ይውረድ አሉ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ይፋ የሚደረግበት ቀንም ተገፋ። የአክሲዮን ገበያው ወረደ። አገሪቱ በጅምላ ኪሳራና በሥራ አጥነት ትጥለቀለቃለች የሚለው ትንቢት በየጋዜጣው ተጻፈ።

ትንቢቱ የተፈተነው በግንቦት 2003 ነው። የሪሶና ባንክ ኦዲተሮች ባንኩ ሊያስብ የሚችለው የአምስት ዓመት የወደፊት ትርፍ ሳይሆን የሦስት ዓመት ብቻ ነው አሉ። በዚያች የሁለት ዓመት ልዩነት የባንኩ የካፒታል ምጣኔ ከሚፈለገው 4 በመቶ በታች ወርዶ ወደ 2 በመቶ ተጠጋ። ቅዳሜ፣ ግንቦት 17፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመሩት የፋይናንስ ቀውስ ምክር ቤት ተሰብስቦ ወደ 2 ትሪሊዮን የን የሚጠጋ የሕዝብ ገንዘብ እንዲገባ ወሰነ፤ ባንኩ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለ። ሰኞ ቅርንጫፎቹ ተከፈቱ፤ ገንዘቡን ሊያወጣ የተሰለፈ ሕዝብ አልነበረም። አስተዳዳሪዎቹ ወረዱ፤ ባንኩን እንዲመራ የመጣው ኤይጂ ሆሶያ የምሥራቅ ጃፓን የባቡር ኩባንያ ሰው ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ 7,607 የነበረው ኒኬይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከ10,000 በላይ ወጣ። የትልልቆቹ ባንኮች የተበላሸ ብድር ድርሻ በመጋቢት 2005 2.9 በመቶ ነበር፤ ግማሽ ይሁን የተባለው ወደ ሲሶ ወረደ። በ2002 5.5 በመቶ ደርሶ የነበረው ሥራ አጥነት በ2006 ወደ 4 በመቶ ቀረበ። ሪሶና የቀረበትን የሕዝብ ገንዘብ በ2015 ከፍሎ ጨረሰ።

ማገገሙ ሁሉ የሚኒስትሩ ሥራ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው። በዚያው ጊዜ ቻይና የጃፓንን ማሽንና ብረት ትሸምት ነበር፤ መንግሥትም የን እንዳይጠነክር በብዙ ትሪሊዮን የን ዶላር ገዝቷል። በሪሶናም ላይ ብርቱ ትችት አለ፤ የነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻ አልተሰረዘም። በዚያው ዓመት ኅዳር በቶቺጊ ክፍለ ሀገር የሚገኘው አሺካጋ ባንክ ሲወረስ ግን የአክሲዮኖቹ ዋጋ ዜሮ ሆነ። መንግሥት ሪሶና ካፒታሉ አነሰ እንጂ ዕዳው ከሀብቱ አልበለጠም፣ የአሺካጋ ግን በልጧል ብሎ ተከራከረ። በሕጉ ፊደል ልክ ነው። ቶቺጊ ውስጥ የቁጠባውን አክሲዮን ላጣ ሽማግሌ ግን ክርክሩ አይዋጥለትም፤ እኔም አልፈርድበትም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ነገር አይለወጥም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሹመኛ ሁሉ የሸሸውን መዝገብ የገለጠው፣ ፓርቲው ሳይወደው፣ ባንኮቹ እየጠሉት፣ ይህ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክስ፣ ወደ ቅጥር ልምጣ። በአገራችን የባንክ ጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ በኤጀንሲ መቀጠሩን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሠራተኛው የሚሠራው ለአንዱ፣ ደመወዙ የሚመጣው ከሌላው ነው፤ ሲባረር ሁለቱም እጃቸውን ይታጠባሉ። በጃፓን ይህን ዓይነት ቅጥር ታኬናካ ፈቀደው ይባላል። ሕጉ የወጣው ግን በ1985 ነው። ከጥቂት የሥራ ዓይነቶች በቀር ለሁሉም የተከፈተው በ1999፣ በኬይዞ ኦቡቺ መንግሥት ነው። ፋብሪካዎች የተጨመሩት ከመጋቢት 2004 ጀምሮ ነው፤ ይህ የኮይዙሚ መንግሥት ሥራ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ ግን ቺካራ ሳካጉቺ ነበሩ፤ አጀንዳውን የገፋው የቁጥጥር ማሻሻያ ምክር ቤትም በኦሪክስ ኩባንያ መሪ በዮሺሂኮ ሚያኡቺ ይመራ ነበር። ታኬናካ ሐሳቡን ደግፈዋል፤ እስከ ዛሬም ይደግፋሉ። በአንድ ካቢኔ የተቀመጠ ሰው የድርሻውን ይሸከም። ጠቅላላውን ግን አይሸከምም።

ቁጥሩን እንይ። ቋሚ ያልሆኑ ሠራተኞች፣ የከፊል ጊዜውም የኮንትራቱም የኤጀንሲውም ተደምረው፣ በ1984 ከተቀጣሪው 15 በመቶ ነበሩ። በ1994 20 በመቶ፣ በ2004 31 በመቶ፣ በ2014 37 በመቶ። ዳገቱ ከታኬናካ በፊት ተጀምሯል፣ ከሄዱም በኋላ ቀጥሏል። የኤጀንሲ ሠራተኞች ብቻቸውን ደግሞ እጅግ በዙ በተባለበት በ2008 እንኳ ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከተቀጣሪው ሦስት በመቶ አይሞሉም። ስለ አገሪቱ የሀብት ልዩነት ብዙ ያነጋገረው የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው የቶሺአኪ ታቺባናኪ መጽሐፍ የታተመው በ1998 ነው። ታኬናካ ያኔ ገና ከተማሪ ጋር ነበሩ።

ታዲያ በሩን የዘጋው ማን ነው? በግንቦት 1995 የጃፓን አሠሪዎች ፌዴሬሽን አንድ ሰነድ አወጣ። ሠራተኛን በሦስት የሚከፍል ነው፦ ጥቂት ለዘለቄታው የሚያዙ፣ ጥቂት ባለሙያዎች፣ የቀሩት ደግሞ እንደ ገበያው ሁኔታ የሚቀጠሩና የሚሰናበቱ። ከታኬናካ ሹመት ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ኩባንያዎቹ የነባሩን ሠራተኛ ወንበር መንካት አልቻሉም፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ስንብትን አጥብቀውታል፣ የየኩባንያው ማኅበርም የአባላቱን ወንበር ይጠብቃል። ስለዚህ ወጪ ሲቀንሱ የዘጉት የአዲስ ገቢውን በር ነው። በጃፓን ተማሪ የሚቀጠረው ሊመረቅ ሲል፣ በአንድ ወቅት፣ ሚያዝያ ላይ ሥራ እንዲጀምር ነው። ያንን በር ያጣ ወጣት በሠላሳ ዓመቱ ተመልሶ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። ከ1993 እስከ 2004 ገደማ የተመረቁት፣ ጃፓኖች «የቅጥር የበረዶ ዘመን» የሚሉት ትውልድ፣ በዚህ ቀረ። የነባሩ ወንበር በአዲሱ ኪሳራ ተጠበቀ። ማኅበራቱም የከፊል ጊዜና የኮንትራት ሠራተኛውን አባል ለማድረግ ብዙ ዓመት ወሰደባቸው። ይህን ሁሉ ባደረጉት ላይ ጣት መቀሰር ከባድ ነው፤ የየቤቱ አባት፣ የየመሥሪያ ቤቱ አለቃ እዚያ ውስጥ አለበት። ከዋካያማ የጫማ ነጋዴ ቤት ወጥቶ ሃርቫርድ በደረሰ አንድ ፕሮፌሰር ላይ መጮህ ይቀላል።

ከሳሾቹ ለማስረጃ የሚሆናቸው እውነተኛ ነገር ሳለ ያልፉታል። በ2008 መጨረሻ የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች የኤጀንሲ ሠራተኞችን በብዛት ሲያሰናብቱ ብዙዎቹ ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን ቤታቸውንም አጡ፤ የሚያድሩት በሥራው በተሰጣቸው መኝታ ነበርና። በዘመን መለወጫው ሰሞን ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ባለው በሂቢያ ፓርክ በጎ ፈቃደኞች ድንኳን ተከሉላቸው፣ ትኩስ ምግብ አቀረቡላቸው። የሥራ አጥነት መድኅን እንዲሸፍነው ሠራተኛው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚቀጠር መሆን ነበረበት፤ ወደ ስድስት ወር የወረደው በ2009 ነው። የኮይዙሚ መንግሥት የፋብሪካውን በር ለኤጀንሲ በከፈተበት ቀን ይህን መድኅን አብሮ ማስፋት ነበረበት። አላሰፋም። ታኬናካም ያኔ የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ምክር ቤት የሚያስተባብሩ ሚኒስትር ነበሩ። ይህ ጥፋት ነው፤ ስሙም ግድፈት አይደለም። ግን «የዕድሜ ልክ ቅጥርን አፈረሰ» ከሚለው ክስ የተለየ ነው፤ መፍትሔውም የተለየ ነው።

ስለ ፖስታ ቤት ብዙ አልልም። ወደ 350 ትሪሊዮን የን የሕዝብ ቁጠባና መድኅን የያዘ፣ 24 ሺህ ያህል ቅርንጫፍ ያለው የመንግሥት ተቋም ነበር፤ ገንዘቡም ማንም በቅጡ ሳይቆጣጠረው ለመንገድና ለድልድይ ሲፈስ ኖሯል። በነሐሴ 2005 የላይኛው ምክር ቤት ሕጉን 125 ለ108 ጣለው፣ ኮይዙሚ የታችኛውን ምክር ቤት በትነው ምርጫ ጠሩ፣ ፓርቲያቸው 296 መቀመጫ አገኘ፣ ሕጉ በጥቅምት ጸደቀ። በፖለቲካ ትልቁ ድል ይህ ነው። ለኢኮኖሚው ግን ከባንኮቹ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም፤ ተተኪዎቹ መንግሥታት ግማሹን መልሰው አጠፉት። የታኬናካ አድናቂዎች ድሉን በፖስታ ቤት መለካታቸው ከከሳሾቻቸው ያልተሻለ ስሕተት ነው።

ሌላም አባባል አለ፤ ያልተመረጠ ፕሮፌሰር አገር ሊመራ አይገባውም ነበር የሚል። የጃፓን ሕገ መንግሥት ከሚኒስትሮች አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት እንዲሆኑ እንጂ ሁሉም እንዲሆኑ አያዝም። ታኬናካ የገቡት በዚያ ክፍተት ነው፤ ከኋላቸው የፓርቲ ቡድንም፣ መንገድ አሠራልን የሚል መራጭም አልነበረም። መዝገቡን ሊገልጡ የቻሉትም በዚሁ ነው፤ ከተቋራጮቹ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ተቋራጮቹን የሚያቆየውን ብድር አይነካም። ሥራው ደግሞ በጓዳ አልተሠራም። በጥር 2001 የተቋቋመው የኢኮኖሚና የበጀት ፖሊሲ ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሊቀ መንበርነት የሚቀመጡበት፣ ሁለት ምሁራንና ሁለት የኩባንያ መሪዎች የጋራ ሐሳብ በጽሑፍ የሚያቀርቡበት፣ ቃለ ጉባኤውም በቀናት ውስጥ ለሕዝብ የሚወጣበት መድረክ ነው። የትኛው ሚኒስትር የትኛውን ሐሳብ እንደተቃወመ ማንም ያነብ ነበር። ቀድሞ በጀት በፓርቲ ኮሚቴና በገንዘብ ሚኒስቴር መሀል፣ በዝግ በር ሲቆረጥ ግን የተመረጠ ሰው አለበት ተብሎ ዝም ተባለ። በሐምሌ 2004ም ለላይኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ከ700 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ። ያንን ወንበር ኮይዙሚ በወረዱበት በመስከረም 2006፣ ዘመኑ አራት ዓመት ገደማ እየቀረው፣ ጥለው መሄዳቸው ግን መራጭን መናቅ ነው፤ ለዚህ ማስተባበያ የለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህም የባሰ ነው። በ2009 ታኬናካ ፓሶና የተባለው ትልቅ የሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ እስከ 2022 ቆዩ። የዚያ ኩባንያ ዋና ሥራ ያው የኤጀንሲ ቅጥር ነበር። ወንበሩን ሳይለቁ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ መንግሥት ስለ ውድድርና ስለ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣናዎች በሚመክርባቸው ጉባኤዎች ተቀመጡ፤ የቅጥር ሕግ መላላትም ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ሕግ ተጥሶ ይሁን አይሁን አይደለም ጥያቄው። የፕሮፌሰር ሚኒስትር ኃይል ሁሉ የሚቆመው «ከዚህ ነገር የማገኘው የለም» ብሎ በመናገር ችሎታው ላይ ነው። በ2002 ባንኮቹን የረታው ያ ቃል ነበር። በ2009 ታኬናካ ራሳቸው አፈረሱት፤ ያፈረሱትም ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ከእሳቸው በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ካቢኔ የሚጠራ ማንኛውም ጃፓናዊ ምሁር ገና ሳይናገር «ነገ የትኛው ኩባንያ ይቀጥርሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሕዝቡ መጠየቁ ልክ ነው። እኔ የምከሳቸው በዚህ ነው፤ ከባድ ክስ ነው።

ክሶቹ ሲደባለቁ ግን የሚጠቀመው ሌላ ነው። በ2009 የተሠራው ጥፋት በ2002 የተሠራውን ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያጠቁረው ባንኮቹ ዐሥር ዓመት የደበቁት ኪሳራ ይረሳል፤ መዝገቡን ያልገለጡት ባለሥልጣናት ስም አይነሳም፤ የ1995ቱ ሰነድ ከመደርደሪያ አይወርድም። መንግሥት ለበረዶው ዘመን ትውልድ የተለየ የድጋፍ ዕቅድ ያወጣው በ2019 ነው፤ በሦስት ዓመት 300 ሺህ ያህሉን ቋሚ ሠራተኛ ለማድረግ። ዕቅዱ ሲወጣ ከእነዚያ ተመራቂዎች ታላላቆቹ ሃምሳ ዓመት ሊደፍኑ ነበር። በ1990ዎቹ በሩን የዘጉባቸው ኩባንያዎች ዛሬም ሠራተኛ አጣን እያሉ የሃያ ሁለት ዓመት ተመራቂ ይሻማሉ፤ በታኬናካ ላይ የሚጻፈው መጽሐፍ ግን ስለ እነሱ አንድ ምዕራፍ የለውም።